እናቷ «እትዬ» ያለቻት ልጅ

ልጅቷ ከአገር ከወጣች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ በሚታጠብበትና በሚተኮስበት ክፍል ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ከእንፋሎቱ ብዛት ግድግዳው ሳይቀር ያልበዋል። አንሶላው ከማሽኑ ሲወጣ ሁለት ሴቶች ጫፍና ጫፉን ይዘው ይወጥሩታል፣ እሷ ተቀብላ ትተኩሰዋለች። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ቋንቋዋን አይሰሙም። እሷም የእነሱን የለመደችው በጥቅሻና በሳቅ ነው።

እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ዕረፍት አላት። ያችን ግማሽ ሰዓት ለማንም አትሰጥም። በኋላ በር ወጥታ፣ የቆሸሸ ልብስ የሚጫንበት ጋሪ ላይ ቁጭ ብላ ቤቷ ትደውላለች።

እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም ስትሸጥ የኖረች፣ ምላሷ የሰላ ሴት ነች። ስልክ ስታወራ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል።

«እማዬ፣ ቀስ በይ፤ ጆሮዬን አደነቆርሽው እኮ!»

«ታዲያ ባሕር ማዶ ተቀምጠሽ በሹክሹክታ ላናግርሽ? ይልቅ በላሽ ወይ? ያቺ አለቃሽ ዛሬም ፊቷን እንዳኮማተረች ነው? አንዴ በካውያው ብታልፊባት ምን አለበት!»

ልጅቷ እየሳቀች ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሳምንቱ በዚያ ሳቅ ይገፋላታል።

ነገሩ ሲጀምር ልብ አላለችውም። እናቷ «በላሽ ወይ?» ብላ ጠይቃ፣ መልሱን ሰምታ፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «በላሽ ወይ?» ትላለች። እርጅና ነው ብላ አለፈችው። ቀጥሎ ከእናቷ ጋር የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ፣ ልብስ ሰፊው፣ ምክንያት ያበዛ ጀመር። አንድ እሁድ «ተኝታለች»፣ ሌላ እሁድ «ጎረቤት ሄዳለች»፣ ደግሞ «ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል»። ሦስተኛው ላይ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ወንድም ጋሼ፣ ሞታም ከሆነ ቁርጡን ንገረኝ!»

ወንድሟ ስልኩን ለእናቱ ሰጣት።

«እማዬ?»

«እትዬ!» አለች እናቷ በደስታ። «ምነው እንዲህ ትጠፊ?»

እናቷ እትዬ የምትላት የራሷን ታላቅ እህት ነበር። እሷ ደግሞ ከሞተች አሥር ዓመት አልፏታል። ዘመድ ሁሉ የልጅቷን ድምፅ ሲሰማ «አክስቷን ቁርጥ!» ይል ነበር።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ ልጅሽ።»

«ልጄንማ ተያት! ልጄ ሄዳ ቀረች። አንድ ቀን እንኳ ደውላ እንዴት ነሽ ብላኝ አታውቅም።»

ልጅቷ ከጋሪው ላይ ብድግ አለች። «እንዴ እማዬ! በየሳምንቱ እየደወልኩ?»

«ማን ናት ይቺ? ማንን ነው የሰጣችሁኝ?» እያለች እናቷ ማልቀስ ጀመረች።

ወንድሟ ስልኩን ይዞ ደጅ ወጣና እውነቱን ነገራት። ሐኪም ቤት ከወሰዳት ስምንት ወር ሆኖታል። የመርሳት በሽታ ነው ተብሏል፤ መድኃኒቱም ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልሰውም።

«ስምንት ወር! እኔ ልጇ አይደለሁም?»

«ብነግርሽ ከማልቀስ በቀር ምን ታደርጊ ነበር? ለአንድ ቤት አንድ አልቃሽ ይበቃል ብዬ ነው» አላት። ድምፁ እየተቆራረጠ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ስትተኩስ ይህንኑ ስታወጣና ስታወርድ ከረመች። በሚቀጥለው እሁድ እናቷ «እትዬ?» ስትል «አለሁ፣ እህቴ» አለች።

ከዚያ ወዲያ እናቷ ለልጇ ነግራት የማታውቀውን ሁሉ ለእህቷ ታወራላት ጀመር። አንድ ቀን እናቷ ልጇ ከቤት የወጣችበትን ቀን አነሳች። ያን ቀን «ገበያ አለብኝ» ብላ መናኸሪያ ድረስ ሳትሸኛት ቀርታ ነበር። ልጅቷ ያን ቅሬታ አራት ዓመት በሆዷ ይዛው ኖራለች።

«ምንም ገበያ አልነበረኝም፣ እትዬ» አለች እናቷ፣ ያን ጩኸቷን ትታ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዕቃ ቤት ገብቼ ከውስጥ ቆልፌ ተቀመጥኩ። ካየኋት እግሯን ይዤ አስቀራት ነበር። እሷ ግን ጨክናብኝ ነው ብላ ሄደች መሰለኝ። ይኸው አትደውልም።»

«ትወድሻለች እኮ። ትደውላለች።»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ለሷ ታዳያለሽ!»

የዕረፍቱ ሰዓት ሲያልቅ ልጅቷ ፊቷን ታጥባ ገባች። ከሴቶቹ አንዷ ዓይኗን አየቻት፤ ምንም ሳትጠይቅ ካውያውን ከእጇ ተቀበለቻትና የእሷን ድርሻ ደርባ ሠራች።

አለቃዋ እንግዳ የሚበዛበት ወቅት ሳያልፍ ፈቃድ የለም አለች። አምስት ወር ጠብቃ ወደ አገሯ ተመለሰች።

እናቷ በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። ከስታለች፤ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች። ልጅቷ ሻንጣዋን መሬት ጥላ ስትሮጥ፣ እናቷ ግድግዳውን ተደግፋ እንደ ምንም ተነሳች።

«ይግቡ፣ ይግቡ፤ ምን ያቆምዎታል? የኔን ወንበር ይውሰዱት።»

እናቷ በሕይወቷ «አንቺ» ብላት እንጂ «እርስዎ» ብላት አታውቅም። ያ አክብሮት ከስድብ በላይ አንገበገባት።

«ኧረ ይቀመጡ» አለች እሷም፣ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

እሁድ ሲደርስ እናቷ ከጠዋት ጀምሮ ከስልኩ አጠገብ አልነሳም አለች። «እትዬ ሳትደውል አልበላም» ብላ ምሳውን ገፋችው። ወንድምና እህት ተያዩ። ልጅቷ ወደ ጓሮ ወጣች፤ የልብስ ማስጫው ገመድ ጋ፣ ከእርጥብ ልብስ ጀርባ ቆማ ደወለች።

«እትዬ! እንኳን ደወልሽ። ቤት እንግዳ አለችብኝ።»

«የምን እንግዳ?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ ያመጣት ናት። ትሁት ልጅ ናት። ጥፍሬን ቆረጠችልኝ፣ ጸጉሬን አበጠረችልኝ። የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም እንጂ፣ እናቷ ታድላ!»

የጓሮው መስኮት ክፍት ስለነበር ቃሉን በስልኩም በመስኮቱም ሰማችው።

የፈቃዷ ቀን አለቀ፤ አልተመለሰችም። ወንድሟ «ሥራሽን አትልቀቂ፣ እሷ እንደሆነ አታውቅሽም» ብሎ ሊመክራት ሞከረ።

«እኔ አውቃታለሁ አይደል?» አለችው።

በወንድሟ ሱቅ ልብስ መተኮስ ጀመረች። ቀን እንግዳዋ፣ እሁድ ደግሞ እህቷ እየሆነች አንድ ዓመት ከአምስት ወር ኖረች። በመጨረሻዎቹ ወራት እናቷ እትዬንም ረሳቻት። ስልኩን ሲሰጧት አገላብጣ አይታ ታስቀምጠዋለች። ልጅቷ መደወሉን ተወችው።

እናቷ አንድ ጠዋት፣ ልጅቷ ከንፈሯን በውኃ እያረጠበችላት ሳለ አረፈች።

ለቅሶው ላይ ከእናቷ ጋር ገበያ ትውል የነበረች አንዲት ሴትዮ መጣች። ጥግ የተቀመጠችውን፣ ዓይኗ ያበጠውን ወጣት ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺስ የኔ ልጅ፣ ለሟች ምኗ ነሽ?»

«ልጇ ነኝ» አለች።