በጠራራ ፀሐይ የመጣ ጎርፍ

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ጅዳ

ከምኖርበት ከካራንቲና ሰፈር ስንነሳ ሰማዩ ገና አመድ መስሏል። በነሐሴ ጅዳ ጎህ ሲቀድም አትቀዘቅዝም። ከባሕሩ የሚነሳው ወበቅ የመኪናውን መስታወት አላብሶታል፤ ኢድሪስ በጨርቅ ይወለውለዋል፣ ወዲያው ተመልሶ ይደበዝዛል። ኢድሪስ የአክስቴ የዘሃራ ልጅ ነው፤ መካ ተወልዶ መካ ያደገ ባለታክሲ። አማርኛውን ከእናቱ ነው የተማረው፣ ሲቸኩል ግን ወደ ዓረብኛ ያመልጣል። እኔ ወደቡ አጠገብ ባለ መጋዘን ዕቃ ጫኝና አውራጅ ነኝ። ከፊሌ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ ያወጣልኝ አሠሪ፣ እስከ ዓርብ እረፍት ሰጥቶኛል።

የምንሄደው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። እናቴ ከወሎ፣ ከወረባቦ፣ ለዑምራ መጥታለች። ከተሳፋሪዎቹ መሀል ነጭ ለብሳ ስትወጣ ከማውቃት አጥራ ታየችኝ። አቀፍኳት። እሷ አየሩን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ፣ «ሙሔ፣ እዚህ አቅራቢያ የሚፈላ ነገር አለ?» አለችኝ።

«አየሩ ነው እማየ።»

«አየሩ?» አለችና ሰማዩን አየች።

መኪናው ውስጥ እንደገባን የኢድሪስ ስልክ ጮኸ። የአየር ትንበያ መልእክት ነው፤ በነዚህ ሳምንታት ሰው ሁሉ የሚደርሰው። ለእናቴ እየተረጎመ አነበበላት። ባሕሩ ዳር ወበቅ፣ መካ ሐሩርና አቧራ። ከመካ በስተምሥራቅ ባሉት ተራሮች ላይ ግን ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና በረዶ፣ በሸለቆዎቹ ድንገተኛ ጎርፍ። ይህ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቀጥላል ይላል።

እናቴ በመስኮቱ የሚያልፈውን ቢጫ ሜዳ እያየች፣ «ዝናብ? ምን ላይ ሊዘንብ?» አለች።

«ኻላ፣ ይዘንባል ወላሂ» አላት ኢድሪስ። ኻላ አክስት ማለት ነው፤ እስካሁን በስልክም በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ረፋድ፤ ወደ መካ

መንገዱ ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ። ግመል የለም፣ ዛፍም አልፎ አልፎ ነው። ነዳጅ ማደያ ቆመን ፉልና ትኩስ ታሚስ ዳቦ በወተት ሻይ በላን። ከዚያ በኋላ ተራሮቹ ጀመሩ። ጥቁር፣ ስንጥቅጥቅ ያሉ፣ አንዲት የሣር ሰበዝ የሌለባቸው። እናቴ ለተራራ አዲስ አይደለችም፤ ተራራ ላይ ተወልዳ ተራራ ላይ ነው የወለደችኝ። እነዚህን ግን አፏን በእጇ ይዛ ነው ያየቻቸው።

«ሱብሐነላህ። አላህ ተራራን ልብስ ሳያለብስም ያቆመዋል ለካ» አለች።

መካን ከሩቅ አታዩዋትም። ተራራ ታልፋላችሁ፣ ሌላ ተራራ ይመጣል፣ ድንገት ከተማዋ መሀል ናችሁ። ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ፣ ስንገባ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ባዶ እግራችንን የረገጥነው እብነ በረድ ግን ከጓዳ ወለል ይልቅ ይቀዘቅዛል። እናቴ እግሯን አንስታ ደግማ አስቀመጠችው።

ከዕባን ስታይ ቆመች። ሰዉ በግራ በቀኟ እንደ ውሃ ይፈሳል። አገር ቤት ሼኻችን ያስጠኗትን ዱዓ መንገዱን ሁሉ ስታነበንብ ነበር። አሁን ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። በኋላ ስጠይቃት «ሁሉም ጠፋብኝ። መጣሁ ብቻ ነው ያልኩት፣ መጣሁ» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ሚስፈላ

አክስቴ ዘሃራ የምትኖረው ከሐረሙ ዝቅ ብሎ ባለው ሚስፈላ ሰፈር፣ በሆቴሎችና በመቁጠሪያ ሻጮች መሀል በተጣበበ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከወሎ የወጣችው ኮረዳ ሆና፣ ከባሏ ጋር ነው። እሷና እናቴ ሲለያዩ እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር።

በሩን ራሷ ከፈተችው። ሁለቱም ቶሎ አልተቃቀፉም። ዘሃራ እጇን ዘርግታ የእናቴን ፊት ዳሰሰች፤ ጉንጯን፣ ቅንድቧን፣ አገጯ ላይ ያለችውን ንቅሳት።

«ሉባባ፣ አረጀሽ።»

«አንቺስ? መስታወት የለም እንዴ እዚህ ቤት?»

ከዚያ ሁለቱም እየሳቁ ለቅሶ ጀመሩ። እኔና ኢድሪስ ዕቃ የምናወርድ መስለን ወደ ደረጃው ወጣን።

ማታውን ሐሩሩ እናቴን አላስተኛትም። አየር ማቀዝቀዣው ሲበራ ትንቀጠቀጣለች፣ ሲጠፋ በላብ ትጠመቃለች። ጠዋት ዘሃራ አየቻትና ወሰነች። «ዛሬ ጣኢፍ ተራራ ላይ ደመና አሳይሻለሁ። እንደኛ አገር ብርድ አለ እዚያ።»

ኢድሪስ ስልኩን አሳያት። ዛሬም ማስጠንቀቂያው አለ፣ ቀለሙም ከትናንቱ ጠንክሯል። ብዙ ተከራከሩ፣ ግማሹን በዓረብኛ። መጨረሻ ላይ የተስማሙት ተራራው ሥር ድረስ ሄደን ንፋስ ተቀብለን ልንመለስ ነው።

ረቡዕ፣ ከዙህር፣ ከቀትር ሶላት፣ በኋላ፤ ሸለቆው

ዓረፋን አልፈን በአሮጌው መንገድ ሄድን። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ደረቅ ወንዝ ያቋርጣል። ድልድይ የለውም፤ አስፋልቱ ወደ አሸዋው ይወርድና ወዲያ ማዶ ይወጣል። ወንዝ ያልኩት ከልማድ ነው፤ ጠጠርና ደቃቅ አሸዋ፣ ጥቂት ግራር፣ አንድ የተጣለ ጎማ። እኛ ላይ ፀሐይዋ ጠራራ ናት። ከምሥራቅ በኩል ግን ተራሮቹ አናት ላይ ደመና ተቆልሏል፣ ሆዱ የጠቆረ፣ እየደጋገመ ውስጥ ውስጡን የሚያበራ።

ኢድሪስ ከመሻገሪያው በፊት ዳር ይዞ ቆመ።

«ለምን ቆምክ? እዚህ አንድ ጠብታ የለም» አለች እናቴ።

ዘሃራ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። «ሱሃይል ከወጣ ሰይልን አትመን ይላሉ እዚህ።» ሱሃይል በሐሩሩ ወራት ማብቂያ ጎህ ሲል በደቡብ ብቅ የሚል ኮከብ ነው፤ ሰይል ደግሞ ጎርፍ። «እኔም ሰምቼው ነው እንጂ በዓይኔ አላየሁም» ብላ ጨመረች።

አንድ ነጭ ፒካፕ አልፎን ወደ አሸዋው ወረደ። ውስጡ አንድ ሰውና ሚስቱ፣ መሀላቸው ትንሽ ሴት ልጅ። መሀል ሲደርሱ የሚንከባለል ድንጋይ ዓይነት ድምፅ ሰማን። የከባድ መኪናዎች ሰልፍ የሚመጣ መስሎኝ ዞር ብዬ መንገዱን አየሁ። መንገዱ ባዶ ነው። ድምፁ ከላይ፣ ከሸለቆው መታጠፊያ ነበር።

ከዚያ ውሃው መጣ። መጀመሪያ ውሃ አይመስልም፤ የሚራመድ አፈር ነው። ከፊቱ እሾህና ቅርንጫፍ፣ የፕላስቲክ በርሚል፣ አረፋ ይገፋል። ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም ነበር፣ ዓይናችን እያየ ወገብ ደረሰ። ፀሐይዋ እንደዚያው ታበራለች፣ ውሃው ላይ ታብለጨልጫለች። ፒካፑ ሞተሩ ጠፋና ወደ ጎን ዞረ፣ አንድ ግራር ላይ ተደግፎ ቆመ።

ኢድሪስ የመጎተቻ ገመዱን ከመኪናው ኋላ አወጣ። ከኛ በኋላ የደረሰ ፓኪስታናዊ የጭነት መኪና ሹፌር ሌላ ገመድ ይዞ እየሮጠ መጣ። ሁለቱን ቀጠልናቸው። ኢድሪስ ጫፉን ወገቡ ላይ አሰረ፣ እኔና ሹፌሩ ሌላውን ጫፍ በመኪናው መንጠቆ አዙረን ያዝን። አክስቴ ልጇን «አትሂድ» አላለችውም። ፊቷን ወደ መኪናው ጎን አዞረች፣ ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈች።

በመጀመሪያ ልጅቷን አመጣት፣ አንገቱ ላይ ተንጠልጥላ። ቀጥሎ ሴትየዋን። ገመዱ እጄን ይልጠዋል፤ ዕድሜዬን ዕቃ ተሸክሜያለሁ፣ እንደዚያ ቀን የከበደኝ የለም። ሰውየውን ይዞ ሲመለስ እግሩ ተንሸራተተና ሁለቱም ሰጠሙ። ጭንቅላታቸው አልታይ አለኝ። «ሳብ!» ያለው እኔ ልሁን ሹፌሩ አላውቅም። ሳብን። መጀመሪያ የወጣው የኢድሪስ እጅ ነው፣ ሰውየውን ከአንገትጌው የያዘ።

ወዲያው ግራሩ ተነቀለ። ፒካፑ እንደ ባዶ ካርቶን እየተገለባበጠ ሄደ።

ሰውየው ጭቃው ላይ በግንባሩ ተደፋ፣ ለምስጋና ሱጁድ። ለረጅም ጊዜ አልተነሳም። እናቴ ልጅቷን ጭኗ ላይ አድርጋ እግሯን በሻሿ ታሻሻለች። ዓረብኛ አታውቅም፣ ልጅቷም አማርኛ አታውቅም። ቁርአን እየቀራች እፍ እፍ ትልባታለች፣ ልጅቷንም መንቀጥቀጡ እየተዋት ሄደ።

ኢድሪስ ሲመጣ ዘሃራ ዞረች። ጭቃ የሆነ ሸሚዙን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችና «ያ ኢድሪስ፣ ልጄ» አለችው።

ስንመለስ እናቴ መኪናው ውስጥ እንዲህ አለች፦ «እኛ ዘንድ ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ ሰማዩ ይነግርሃል፣ ዶሮው ይነግርሃል። እዚህ እኮ ፀሐይ ላይ ቆመህ ነው የሌላ አገር ዝናብ የሚወስድህ። አላህ ምን ያህል ትልቅ ነው።»

ማታ ዘሃራ የሰፈሯን ስም አስረዳችን። ሚስፈላ ማለት ታችኛው ማለት ነው፤ መካ ጎድጓዳ ሳህን ናት፣ ተራሮቹ ጠርዟ። የድሮ ሰዎች ጎርፍ ሐረሙን ሞልቶት እየዋኙ ከዕባን ዞረው የጠወፉበት ጊዜ እንዳለ ይተርካሉ። ትናንት ብትነግረኝ ተረት ነው እላት ነበር።

ሐሙስ፣ ጠዋት፤ ተራራው ላይ

የዛሬው ትንበያ እስከ ቀትር ጸጥታ፣ ከዚያ በኋላ እንደገና ነጎድጓድ ነው። በዚህ ወቅት ወደዚህ የምትመጡ ወገኖች፣ ጠዋቱን ተጠቀሙበት፤ ከሰዓት በኋላ ከሸለቆ ራቁ፣ ሰማዩ ቢጠራም። እናቴን «ልትቀሪ ትችያለሽ» አልኳት። «እህቴ ደመና አሳይሻለሁ ብላኛለች» አለችኝ።

በትልቁ መንገድ፣ በድልድይ ላይ አለፍን። ከታች ሸለቆው ጭቃው ተሰነጣጥቆ፣ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ከዚያ መንገዱ ተራራው ላይ እንደ እባብ ይጠማዘዝ ጀመር። በእያንዳንዱ መታጠፊያ አየሩ ይለወጣል፤ መስኮት ከፈትን። ግንቡ ላይ ዝንጀሮዎች ተደርድረዋል፣ ወንዶቹ ጋማ ያላቸው፣ ልክ እንደ አገር ቤቶቹ።

«እነዚህም ከኛ አገር ተሻግረው ነው?» አለች እናቴ።

«ኢቃማ የላቸውም ኻላ፣ ማንም አይጠይቃቸውም» አላት ኢድሪስ።

አናቱ ላይ ጉም ተቀበለን። መኪናው ቆሞ እናቴ ስትወርድ ፊቷን ወደ ላይ አቀናችና ዓይኗን ጨፈነች። ካፊያ ነው፣ ወፍራም ያልሆነ፣ ቀዝቃዛ። ዘሃራ ተከትላት ወረደች። ግንቡ ዳር ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ከእግራቸው በታች ደመናው ሸለቆውን ሁሉ ሸፍኖታል። እናቴ መዳፏን ዘረጋች። ዘሃራም ዘረጋች።

«እዚህ ስመጣ ስንት ጊዜዬ ነው፣ ግን ከመኪና ወርጄ አላውቅም» አለች ዘሃራ። «ብቻዬን ምን ያደርግልኛል ብዬ።»

ኢድሪስ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ዩማ፣ ግቡ፣ ትበሰብሳላችሁ» አለ።

«ኸላስ፣ ተወን» አለችው እናቱ፣ ዞር ሳትል።

ልብሳቸው ትከሻቸው ላይ እየጠቆረ ሄደ። ኢድሪስ ሞተሩን አጠፋ። እኔም በሩን ከፍቼ ወጣሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።