እህቴ የሌለችበት ዘፈን

የበደለኝ የእህቴ ባል ነው። አንደኛው በደል የቆየ ነው፤ እህቴ በሞተችበት ጥር። ሁለተኛው የአምናው ነው፤ እሱም በጥር። ሰውየው የሚበድለኝ በጥር ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ለእሱ ደግሞ የሥራ ወር።

ዘፋኝ ነው። ማሲንቆ ይጫወታል። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ፣ እኛ ቆሰበር እስከምንላት፣ ያለ ሰው፣ ዕድሜው አርባን ካለፈ፣ ያውቀዋል። ስሙን አልጽፍም። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የማያውቀው በእኔ በኩል እንዲያውቀው አልፈልግም።

እህቴ አልጋ ላይ ሳለች ሦስት ሠርግ ተቀብሎ ነበር። «የሰው ድግስ አላበላሽም» ብሎ ሄደ። መልእክት ላክንበት፣ ደገምንበት። የመጣው በሰልስቱ ነው። ማሲንቆውን ደጅ አስደግፎ ገባና ከሁላችን በላይ አለቀሰ። ድምፅ አለው፣ ለቅሶ ያምርበታል። ለቀስተኛው እኔን ትቶ እሱን ማጽናናት ያዘ። የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። «እስክቋቋም እርስዎ ጋር ትቆይልኝ» አለኝ። እስኪቋቋም ሃያ ስምንት ዓመት ፈጀበት። ባሕር ዳር ሄደ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ስሙም በየሠርጉ ተጠራ። እኔ ጋር የቀሩት ልጅቱና ካሴቱ ናቸው።

ስለ ካሴቱ ልናገር። የተቀረጸው ዳንግላ ውስጥ፣ ካሴት የሚሸጥ አንድ ሰው ቤት፣ ክረምት ላይ ነው። እኔ እዚያ ነበርኩ። ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነውት ነበር። የእኔ ሥራ በሩ ሥር ተቀምጦ የጎረቤት ልጆችን ዝም ማሰኘት ነው። እሱ ያዜማል፣ እህቴ ትቀበላለች። በቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየወረደ ብዙ ጊዜ አስቆመን። አምስተኛው ዘፈን መሀል ላይ እንደገና መጣ፤ ማቆም ሰልችቷቸው ነበርና ቀጠሉ። ስለዚህ ያ ዘፈን ከነዝናቡ ነው የወጣው። ካሴቱን የሚወድ ሰው ሁሉ ያን ዝናብ ይወዳል። እኔ ግን የምወደው ሰባተኛውን ነው።

ሰባተኛው የእህቴ ብቻ ነው። በአዊኛ ነው። ዜማው እናታችን ማሳ ስታርም የምታንጎራጉረው ነው፣ ቃሉን ያወጣችው እህቴ ናት። እናታችን ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ያለ ገጠር ውስጥ ኖራ ሞተች፤ አማርኛ አታውቅም ነበር። ዘፈኑ ከተማ የተዳረች ልጅ ለእናቷ የምትለው ነው። አሁን ውኃ ማን ይቀዳልሻል፣ ወፍጮ ማን ይሄድልሻል፣ ስትጣሪ ማን አቤት ይልሻል። ይኸው ነው። እሱ ደግሞ አዊኛ አያውቅም። ስለዚህ መሀል ላይ ስንኙ ያለቀ መስሎት ማሲንቆውን ወደ ሌላ ወሰደው። እህቴ ጠበቀችው፣ ትንሽ ሳቀችበት፣ ስንኙን ከመጀመሪያው ደገመችለት። ሳቁ ካሴቱ ላይ አለ። ቢበዛ ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ያንን ሁለት ሰከንድ ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

እህቴ ስትሞት ካሴቱን ዘጋሁት። ሐዘን የገባበት ቤት ዓመት ሙሉ ዘፈን አይከፈትም፤ ወጉ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ እናታችን ተከተለች፣ ሌላ ዓመት ተጨመረ። ከዚያ በኋላ ወግ ነው ማለት አልችልም። ልጅቱ ትምህርት ቤት ስትሄድ በሩን ዘግቼ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ እሰማ ነበር። ልትመጣ ስትል አውጥቼ፣ በነጠላ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ እከተዋለሁ። ልጅቱ «እናቴ ምን ትመስል ነበር?» ስትለኝ «አንቺን» እላለሁ። ስለ ድምፅዋ ጠይቃኝ አታውቅም። እናቷ ድምፅ እንደነበራት በምን ታውቃለች?

አምና መስቀል እንዳለፈ መጣች። አሁን እዚሁ እንጅባራ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ የራሷን ቤት ተከራይታለች። እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ያን ቀን ግን ማክሰኞ ነበር።

«እታለም፣ የእማዬ ካሴት አለ አይደል?»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«አባቴ እንደገና ሊቀርጸው ነው። የእሷን ቦታ እኔ እዘፍናለሁ።»

አባቴ አለች። እኔ ቤት እስካደገች ድረስ «ሰውዬው» ነበር የምትለው፤ እኔ እንደምለው።

«መቼ ተገናኛችሁ?»

«ሁለት ወር ሆነን። ልነግርሽ ነበር እኮ፣ ፊትሽን እየፈራሁ ነው።»

«ሻግቷል» አልኳት። «በዚህ በቆሰበር ብርድና እርጥበት ምን ይተርፋል? ክሩ ተጣብቋል።»

«አሳዪኝ እስቲ፣ የሚያላቅቅ ሰው አለ።»

«ጣልኩት።»

ሳጥኑ እሷ ከተቀመጠችበት አልጋ ሥር ነበር። እግሯ ይነካዋል።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «እናቴን መጀመሪያ የሰማኋት የት እንደሆነ ታውቂያለሽ? የዳንግላ ሚኒባስ ውስጥ። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ። ሹፌሩ የአባቴን ስም ጠራና፣ ‹ይቺ የምትቀበለው የፊተኛዋ ሚስቱ ናት፣ ሞታለች እኮ› አለ ጎኑ ላለው ሰው። እናቴን ያስተዋወቀኝ ሹፌር ነው። አንድ ዘፈን ተኩል ሰማሁና ደረስን። ወራጅ ተባልኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ?»

ቆሎውን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩት። አልነካችውም።

እነሱ ባሕር ዳር ሄደው ቀረጹ። መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ሥራው ሁለት ጊዜ ተቋረጠ ብላኛለች። ጥር ላይ አለቀ፣ የአልበሙ ምረቃ እንጅባራ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ እሑድ ከሰዓት እንዲሆን ተወሰነ። የጥሪ ወረቀቱን ራሷ አመጣችልኝ። «ካልመጣሽ አልዘፍንም» አለች። ሄድኩ።

እሱ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። ጋቢ ደርቧል፣ ጠጉሩን ከሰል አስመስሎ ተቀብቶታል።

«እታለም! እርስዎ መጡልኝ! ምንም አላረጁም እኮ!»

«ያንተም ጠጉር አላረጀም» አልኩት።

ከኋላዬ ያለችው ሴት በነጠላዋ አፏን ያዘች። እሱ ግን ሳቀ። ሲሰድቡት መሳቅ ይችልበታል፤ አዝማሪነት አስተምሮታል።

ንግግር አደረገ። ፈጣሪን፣ ባለ ስቱዲዮውን፣ የመጣውን ባለሥልጣን፣ ባለ ሆቴሉን አመሰገነ። ስለ እህቴ ያለው «በመጀመሪያው ካሴት አብራኝ የነበረችውን ነፍሷን ይማር» ነው። ስሟን አልጠራም። ከዚያ የተቀረጸው ዘፈን ተለቀቀ፤ እሱና ልጅቱ መድረክ ላይ ቆመው አብረውት ያዜማሉ።

እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ታይፒስት ነበርኩ። የተየብነውን ደብዳቤ ለፊርማ ከማቅረባችን በፊት እናመሳክራለን፤ አንዷ ዋናውን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላዋ ግልባጩን በእርሳስ እየተከተለች ስሕተት ትለቅማለች። ያን ቀን ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ዋናው ጭንቅላቴ ውስጥ እየተነበበ ግልባጩን በጆሮዬ ተከተልኩ። የመጀመሪያው ዘፈን ፈጥኗል። ማሲንቆው ከኪቦርድ ሥር ገብቶ የሩቅ ጎረቤት ሆኗል። ሁለተኛው ላይ እሱ በፊት የማይደርስበት ከፍታ ነበረ፣ ሲሰነጠቅ ይሰማ ነበር፤ አሁን በማሽን አቃንተውታል። ሦስተኛው ደህና ነው። አምስተኛው ሲጀምር ዝናብ መጣ።

«ውይ፣ ዝናቡንም አልረሱት!» አለች አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት።

«የኮምፒውተር ዝናብ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ዝናብ ዝናብ ነው እትዬ፤ ሊያበቅሉበት ነው እንዴ?»

ከፊት ያሉት ዞረው ሳቁ። እኔ ግን ያንን ዝናብ በር ሥር ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። አንዴ ይደበድባል፣ አንዴ ይተዋል፣ በረዶ ቀላቅሎ ይመለሳል። ይኸኛው ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ልክ ወረደ።

የልጅቱን ድምፅ በተመለከተ አልዋሽም። የእናቷ ነው። አቀባበሏ፣ ቃሉን መጨረሻ ላይ ለቀቅ የምታደርግበት፣ ሁሉም። ማንም አላስተማራትም። በቂም የመጣሁ ሴት ነኝ፣ ጉልበቴን ይዤ አጎነበስኩ። ያቺ ሴት «አመመዎት?» አለችኝ። «ወገቤ ነው» አልኳት።

ከዚያ ሰባተኛው መጣ። ዜማው ያው ነው። ቃሉ ግን አማርኛ፣ ስለ አንድ ወንድ።

«ውዴ ተው ተመለስ መንገዱ ሩቅ ነው፣
ያላንተ መዋሉ ለእኔስ ጭንቅ ነው።»

እንዲህ ነው ነው እያለ ይሄዳል። እናቴ የለችም፣ ውኃው የለም፣ ወፍጮው የለም። ማሲንቆው የትም አልሳተም፣ ስለዚህ የሚጠብቀውም የሚስቅበትም የለም። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ «ይደገም!» ተባለ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ያችኛይቱስ? የአዊኛዋ?» ብለው ጮኹ።

እሱ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። «አባቴ፣ እኛም አዝነናል። እኔ ቋንቋውን አልችለውም፣ ቃሉ ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ካሴቱን ዳንግላም ባሕር ዳርም ፈለግን፤ የተገኘው ሁሉ ሰባተኛው ያለበት ሁለተኛው ገጽ አይሰማም። እታለም ጋ አንድ ነበረ፣ እሱም ተበላሽቷል።»

አዳራሹ ወደ እኔ ዞረ። ሽማግሌው «አይ፣ አይ» ብለው ተቀመጡ። ልጅቱ ከመድረኩ ላይ አየችኝ። የምትወቅሰኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ያዘነችው ለእኔ ነው። ካሴቱ በመበላሸቱ የተጎዳሁት እኔ መስያት፣ አይዞሽ ብላ ራሷን ነቀነቀችልኝ።

ሲያልቅ ባጃጅ ድረስ ሸኘችኝ።

«እንዴት ነበር እታለም?»

«ዝናቡ የውሸት ነው።»

«ዝናቡን አይደለም የጠየቅሁሽ።»

«ድምፅሽ ጥሩ ነው።»

«ሰባተኛውን አልወደድሽውም።»

«የእናትሽ አይደለም።»

«የእናቴን ከየት ላምጣው?» አለች። አልተቆጣችም። ባለ ባጃጁን «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ወገቧን ያማታል» ብላው ተመለሰች።

ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ሰውየው በድሎኛል፤ እህቴን ሳይቀብር ቀርቷል፣ ልጁን ትቶ ሄዷል፣ ስሟን በአደባባይ አልጠራም። አንዱንም አልሰርዝም። ነገር ግን መሥሪያ ቤት ሳለሁ ከዋናው አንድ ገጽ ያስቀረች ታይፒስት «ግልባጩ ጎደሎ ነው» ብላ ስትጮህ ባይ ኖሮ ምን እንደምላት አውቃለሁ። ካሴቱን ያስቀረሁት እሱ የማይነካው አንድ ነገር እህቴ እንዲኖራት ብዬ ነው። ልጅቱም እንዳትነካው አደረግኩ። ግማሽ ጎኗ የእሱ ነው፤ ሳሳድጋት ይህን ረስቼው አላውቅም። ሳበላት አልረሳሁም፣ ስታመም ስታስታምመኝም አልረሳሁም።

በማግስቱ ካሴቱን ይዤ መናኸሪያ አጠገብ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው ጋ ሄድኩ። «ትተውት ይሂዱ፣ ነገ ይውሰዱ» አለኝ። «እዚሁ እቀመጣለሁ» አልኩት። ሁለቱም ገጽ እስኪያልቅ ተቀመጥኩ። ሰው ስልክ ሊያስሞላ ይገባል፣ ይወጣል። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ባለ ሱቁ ማዳመጫውን ከጆሮው አነሳ።

«እናቴ፣ ሴትዮዋ መሀል ላይ ሳቀች። ልቁረጠው?»

«እንዳትነካው» አልኩት።

ፍላሹን ፖስታ ውስጥ አድርጌ በባጃጅ ወደ ልጅቱ መሥሪያ ቤት ላክሁት። ደብዳቤ አልጻፍኩበትም። ሦስት ጊዜ ደወለች፣ አላነሳሁም። በአራተኛው አነሳሁ። ታለቅስ ነበር።

«ምን እያለች ነው?» አለችኝ። «እታለም፣ አንድም ቃል አልገባኝም።»

«ቅዳሜ ነይ» አልኳት።

ቅዳሜ መጣች። ቃሉን አንድ በአንድ ፈታሁላት። ለምን እንደዋሸኋት አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ለአባቷ እንዳታሰማው አስማልኳት። ማለች።