ቁልፉ የደምሴ ነው አልኩ

ይህን ለማንም አልነገርኩም። ሚስቴ አታውቀውም። የንስሐ አባቴ ፊት ሁለት ዐቢይ ጾም ቆሜ፣ ትንንሹን ኃጢአት ስዘረዝር ቆይቼ፣ ይህን ውጬው ተመልሻለሁ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ሐዘናችሁን ለሚገባው አቆዩት።

ደብረ ብርሃን ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የሞባይል ኢንተርኔት በተዘጋበት ጊዜ የክፍላችን ሰዎች ተደብቀን የምንነጋገርበት አጣን። በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል የሚላከውን ሁሉ ኃላፊው ያያል ይባል ነበር፤ እኛ ደግሞ ልንከሰው ነው። ፈተና ያለፉትን ትቶ የሚስቱን ወንድም የቡድን መሪ አድርጎ ሾሞብናል። የአቤቱታው ቀስቃሽ፣ የክፍሉ አንጋፋ ወይዘሮ አስካለ፣ «አንተ ልጅ፣ ያንን ማሽን ታውቅበት የለ? ጆሮ የማይገባበት ቤት ሥራልን» አሉኝ።

ሠራሁ። የተጣለ አሮጌ ሰርቨር አንሥቼ፣ ምስል የሌለው፣ ጌጥ የሌለው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ጽሑፍ ብቻ የሚወርድበት የቡድን መጻጻፊያ ጫንኩበት። በይለፍ ቃል መግባትን ዘጋሁ። ሰርቨሩ ባለቤቱን የሚለይበትን የቁልፍ ፋይል ለአምስታችንም ለየብቻ አዘጋጅቼ በፍላሽ አደልኩ። «የተጻፈው አይቀመጥም፣ ስትወጡ ይጠፋል» አልኳቸው። ያን ቀን ውሸት አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ብልሽት ልፈልግ ብዬ የሚጻፈውን የሚያስቀረውን መዝገብ ከፈትኩት፤ የሚጻፈው ሁሉ እኔ ዘንድ መቀመጥ ጀመረ። ብልሽቱን በአንድ ቀን አገኘሁት። መዝገቡን አልዘጋሁትም። ለምን? ማንበቡ ጣመኝ፣ ሌላ ምን አለ?

አጎቴን ለመቅበር አንኮበር ሄጄ በተመለስኩ ማግስት፣ እኔ በሌለሁበት የተጻፈውን አነበብኩ። ወይዘሮ አስካለ «ያ አንኮበሬ ኃላፊው ቢሮ ምን ያመላልሰዋል? ጆሮ ጠቢ እንዳይሆን» ብለዋል። ሁለቱ ሣቁ። የተከራከረልኝ አንድ ሰው ነው፤ ደምሴ። «ኧረ እትዬ፣ እንደሱ አይባልም። እሱ እኮ የታመነ ሰው ነው» ብሏል። ደምሴ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ የኮንትራት ቴክኒሻን ነበር፤ ሚስቱና ሦስት ልጆቹ መጠለያ ጣቢያው ውስጥ በእሱ ደመወዝ ይኖራሉ።

እስከዚያች ሰዓት ጆሮ ጠቢ አልነበርኩም። ካላችሁኝማ እንካችሁ አልኩ። ስለ አቤቱታው የተጻጻፍነውን ሁሉ አትሜ፣ የራሴን መስመሮች ብቻ አውጥቼ፣ በፖስታ አሽጌ በኃላፊው በር ሥር አሾለክሁት። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ተናዶ ነው ትሉ ይሆናል። አትበሉ። የተናደደ ሰው ይጮኻል እንጂ ተቀምጦ የራሱን ስም እየለቀመ አያወጣም።

ኃላፊው ወይዘሮ አስካለን ጠርቶ የጻፉትን ቃል በቃል አነበበላቸው። አቤቱታው ሞተ፤ እሳቸውም ወደ ለሚ ከተማ የሚሰዳቸው የዝውውር ደብዳቤ ደረሳቸው። ከመሄዳቸው በፊት «አውጫጭኝ እንቀመጥ» አሉ። ከብት ሲሰረቅ አገሬው ተሰብስቦ እያንዳንዱ እየማለ ሌባው የሚወጣበትን ሸንጎ ማለታቸው ነው። ከምሳ በኋላ በር ዘግተን አምስታችንም ተቀመጥን። ሁሉም ማለ። እኔም ማልኩ፤ ድምፄ እንኳ አልተሰበረም። ወይዘሮ አስካለ ዐይናቸውን እኔ ላይ ተክለው «ቤቱን የሠራኸው አንተ ነህ። በል ማን እንደገባ አሳየን» አሉኝ።

ደምሴ የራሱ ኮምፒውተር ስላልነበረው ቁልፉን ሁላችን የምንጠቀምበት የጋራ ማሽን ላይ ገልብጦት ነበር። ይህን ቀድሜ አይቻለሁ፤ አጥፋው ማለት ሲገባኝ ዝም ብዬዋለሁ። የገቡትን ዝርዝር ከፈትኩና በጣቴ አሳየኋቸው። ከጋራው ማሽን በእሱ ቁልፍ ተገብቷል። እውነት ነው፣ የገባው ራሱ ደምሴ ነበር፤ እኔ ግን ምስጢሩን ያወጣው ሰው የገባበት በር ይህ ነው ብዬ አመለከትኩ። ቁልፉ የደምሴ ነው አልኩ። ደግሜም አልኩ። እሱ ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ ያገላብጠው ጀመር።

አንዱ ሸጦን ነው አለ፣ ሌላው አዝረክርኮት ነው አለ። ሁሉም ሰላምታ ነሡት። ኮንትራቱ ሲያልቅ ይታደስለት የሚል አንድ አፍ አልተገኘም፤ የእኔም አፍ አልተገኘም። መዝገቡን ያኔውኑ ደምስሼዋለሁ፤ ስለዚህ እኔ ካልተናገርኩ የሚናገር የለም።

በቅርቡ ደብረ ሲና ላይ አውቶቡሳችን ሲቆም ከአንድ የጭነት መኪና ጆንያ የሚያወርድ ሰው ስሜን ጠራ። ደምሴ ነው። ከስቷል። ልሸሽ ነበር፤ ሮጦ ደረሰብኝና እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«ወንድሜ፣ ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል» አለኝ። «ቁልፉን እንደዚያ ባላዝረከርከው እትዬ አስካለም ባልተሰደዱ። ለፍተህ የሠራኸውን እኔ አፈረስኩብህ። ይቅር በለኝ።»

እዚያው መናገር እችል ነበር። መንገደኛው ሁሉ ቢሰማስ ምን ይመጣብኝ ነበር? ሚስቱንና ልጆቹን እንኳ አልጠየቅሁም። እኔ፣ ይህ አሁን የሚያወራችሁ ሰው፣ ራሴን እንደ ካህን ነቅንቄ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አልኩት። ጎንበስ ብሎ «አሜን» አለ።

እኔን ግን ማናችሁም ይፍታህ እንዳትሉኝ።