ያልጠፋሁበት በረሃ

ኔቫዳ በረሃ ላይ አልጠፋሁም። ትተውኝ ሄዱ። ልጄ በምትኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚወራው ግን «እማማ በረሃ ላይ ጠፍተው ነበር» ተብሎ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፤ መጥፋትና መተው አንድ እንዳልሆኑ ግን አውቃለሁ። አንዱ የእኔ ጥፋት ነው፣ ሌላው የእነሱ። ስለዚህ በገዛ እጄ ጻፍኩት።

ልጄና ባሏ ለዕረፍታቸው ትልቅ የቤት መኪና ተከራይተው እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። አርቪ ይሉታል፤ አልጋውም ምድጃውም ሽንት ቤቱም ውስጡ ነው። አማቼ ግን ሰው በሚያድርበት ካምፕ ማደር አልፈለገም። መብራትም የውሃ መስመርም የሌለበት፣ ጎረቤት የማይታይበት ሜዳ እየመረጠ ይቆማል። ፈረንጆቹ ለዚህም ስም አውጥተውለታል፤ ቡንዶኪንግ ነው።

«እማማ፣ ነጻነት ማለት ይሄ ነው» አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

«ውሃ የለ፣ መብራት የለ። እኛ ዘንድ ድህነት ነበር የሚባለው» አልኩት። ተሳሳቅን። አማቼ ደግ ሰው ነው፣ ውሸትም አያውቅም። የሚያፍረኝ በአንድ ነገር ብቻ ነው። የልጄና የእኔ ድምፅ አንድ ስለሆነ አንድ ቀን በስልክ «የኔ ፍቅር» ብሎኝ፣ «ፍቅርህ ሥራ ላይ ናት» አልኩት። ሳምንት ሙሉ ቀና ብሎ አላየኝም።

በሦስተኛው ቀን የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ሊሞላ ነው፣ ማራገፊያውም ሩቅ ነው፣ ቆጥቡ ተባልን። እኔ ቆጠብኩ። ከመኪናው ርቄ፣ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ሜዳ መውጣት ጀመርኩ። ይሄ ለአማች አይነገርም። እኔም ስሄድ አልናገርም፣ እሱም የት ነበሩ አይለኝም።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ እነሱ ከመኪናው በስተኋላ ወንበርና ጠረጴዛ ይጭኑ ነበር። እኔ አልጋዬ ላይ የስድስት ሰዓት ጸሎቴን ጨረስኩ። ስጸልይ መጋረጃዬን እዘጋለሁ፤ ከተዘጋ ማንም አይጠራኝም። ልጄ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች። የጸለይኩበትን ነጠላ ሜዳ ይዤ አልወጣምና አልጋው ላይ ትቼው፣ መጋረጃውንም እንደተዘጋ ትቼ ወረድኩ። ሳያዩኝ አይሄዱም ብዬ ነበር።

ድንጋዩ ጀርባ ሳለሁ ሞተሩ ተነሣ። ስመለስ መኪናው የለም።

ከማቀዝቀዣው የተንጠባጠበው ውሃ ብቻ መሬቱን የምጣድ ክዳን ያህል አርሶታል። እያየሁት ጠበበ። መዳፍ አከለ፣ ሳንቲም አከለ፣ ከዚያ ደረቀ። ጥላዬ ከእግሬ ሥር ገብታለች። ዝንብ እንኳ የለም። ጸጥታው ከመክበዱ የተነሣ በአንገቴ ደም ሲሄድ ይሰማኝ ነበር።

«እማዬ!»

የልጄ ድምፅ ነው። ግን ከመንገዱ በኩል አልመጣም። ዛፍም ዱካም ከሌለበት ከነጩ ሜዳ በኩል ነው።

እግሬን አነሣሁ። ወዲያው የእናቴ ቃል ትዝ አለኝ። «በቀትር፣ ሜዳ ላይ፣ አንዴ ለጠራሽ አቤት አትበይ። ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል» ትል ነበር። እግሬን መለስኩ።

«እማዬ» አለኝ እንደገና፣ አሁን ቀረብ ብሎ፣ ለስለስ ብሎ። ልጄ ትንሽ ሳለች ስትፈራ እንዲያ ነበር የምትጠራኝ። አፌን በመዳፌ ያዝኩ። ሦስተኛውን ጠበቅሁ። አልመጣም።

የጎማው ዱካ ላይ ቁጭ አልኩ። ቢመለሱ በሄዱበት ነው፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም አልኩ። ጥላዬ ከሥሬ ወጥታ ረዝማ ሳለ በሩቅ አቧራ ታየ።

ልጄ መኪናው ሳይቆም ዘላ ወረደች። «እማዬ! የት ጠፍተሽ ነው?»

«እኔ ነኝ የጠፋሁት?»

አማቼ መሪውን እንደጨበጠ ነበር። «እማማ፣ ሳልነሣ ጠይቄያለሁ። ‹አሉ?› ብዬ፣ ‹አዎ› ብለውኛል።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ከበረሃው ይብሳል። «አዎ ብላ መልሳ ወርዳ ሄደች፤ አታስታውሰውም» ተባለ። ልጄ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ፣ ሐኪሙ የማስታወስ ችሎታዬን ሊፈትን ሰዓት ሣዪ አለኝ፣ ሣልኩ። አልበቃም። ብቻዬን የምኖርበት፣ ከእነሱ ከተማ በባቡር የሚደረስበት የአሌክሳንድሪያ አፓርታማዬ ውል እንዳይታደስ፣ እነሱ ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ እንድገባ ተመከረ። አሥራ ሁለት ዓመት በገዛ ቁልፌ የከፈትኩት ቤት ነው።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ፈርቼ ነበር። የማይዋሽ ሰው የእኔን ድምፅ መኪናው ውስጥ ሰምቷል። እኔ የልጄን ድምፅ ሜዳው ላይ ሰምቻለሁ። በጠራራ ፀሐይ ኩሽናዬ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ «አዎ» እያልኩ የገዛ ድምፄን አዳምጥ ነበር። ስለ ጥሪው ለማንም አልተነፈስኩም፤ ብናገር ኖሮ ቤቴን በዚያው ቀን ያስረክቡት ነበር።

ውሉ ሊያበቃ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የቢጫውን መስመር ባቡር ይዤ፣ ወደ ቀዩ ቀይሬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ደረስኩ። ምሳ ላይ ነበሩ። ልጄ በሩን ስትከፍትልኝ ደነገጠች።

«ብቻሽን መጣሽ?»

«መንገዱ አልጠፋኝም።»

ወንበር ስቤ አማቼን ጠየቅሁት። «ያን ቀን የት ሆነህ ጠየቅህ?»

«መሪው ላይ።»

«ዞር ብለህ አይተሃል?»

«አላየሁም እማማ። ድምፅዎን ግን ሰምቻለሁ። ማል ቢሉኝ እምላለሁ።»

«አትማል፤ አምኜሃለሁ። እኔ ግን ያኔ ድንጋዩ ጀርባ ነበርኩ። ታዲያ በእኔ ድምፅ አዎ ያለህ ማን ነው?»

እኔ ወደ ልጄ ዞርኩ። የጠቀለለችው ጉርሻ እጇ ላይ ቀርቷል። ጠበቅሁ፤ መጠበቅን በረሃው አስተምሮኛል።

«የነጠላሽ ጫፍ ከመጋረጃው ሥር ይታየኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እየጸለይሽ መስሎኝ ከኋላ ሆኜ እኔ መለስኩለት። መጋረጃውን ሳልገልጥ። ኋላ እናቷን በረሃ ላይ ጥላ ሄደች እንዳልባል ፈራሁ። አዎ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እማዬ። አንቺ አልጠፋሽም። ትተንሽ ሄድን።»