አራተኛው ምስክር

በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ ማመልከቻና ኑዛዜ ስጽፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የሰው ምስጢር ይዞ ዝም ማለት የሙያዬ ግማሽ ነው። የድርብ ክር ነገር ግን ሆዴ አልችለው አለ።

ድርብ ክር የምንለው ልብስ ሰፊውን ነው። እሱ የተከለው ቁልፍ ጨርቁ ያልቃል እንጂ አይነቀልም። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ሽማግሌ ሱቅ፣ በአንድ የስፌት መኪና ላይ ጎበጠ። ሽማግሌው ልጅ የላቸውም፤ ዓይናቸው ሲደክም መለካቱም፣ መቁረጡም፣ ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቁም የእሱ ሆነ። ሌላ ቦታ በተሻለ ደመወዝ ሲጠሩት፣ «ሱቁ ያንተ አይደል እንዴ? የት ትሄዳለህ?» ይሉታል፤ ይቀራል። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይመስላችሁ። ሱቁን ከነመኪናዎቹ ለእሱ ሲናዘዙ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ባለፈው ወር ሽማግሌው የእህታቸውን ልጅ አስከትለው መጡ። ኑዛዜው ይለወጥ፣ ሱቁ ለዚህ ይሁን አሉ። ይህ ጎረምሳ ከመርፌ ጋር የተዋወቀው ክሊኒክ ነው።

«ልብስ ሰፊውስ?» አልኩ፤ አፌን መያዝ አቃተኝ።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ሥጋ ይቀድማል።»

እንዳሉኝ ጻፍኩ። እንጀራዬ ነው።

በፊርማው ቀን ሰነዱን ይዤ መዝገብ ቤት ገባሁ። ከአራቱ ምስክሮች ሦስቱ ጎረቤቶች ነበሩ። አራተኛው ድርብ ክር። ተላጭቶ፣ ራሱ የሰፋውን ኮት ለብሶ ፊቱ በርቷል።

«ጋሼ ራሳቸው ናቸው የጠሩኝ» አለኝ በሹክሹክታ። «ኑዛዜዬን ላድስ ነው፣ እንዳንተ የማምነው የለም አሉኝ።»

አንገቴን ደፍቼ ሰነዱን ለመዝጋቢዋ አቀበልኩ።

መዝጋቢዋ ማንበብ ከመጀመሯ በፊት እንደ ልማዷ ጠየቀች፦ «ወራሽ ምስክር አይሆንም። ከእናንተ መካከል የሚወርስ አለ?»

ድርብ ክር ከወንበሩ ብድግ አለ። ሽማግሌው የከዘራቸውን ጫፍ ያያሉ።

«ተቀመጥ» አሉት ቀስ ብለው። «አንተ የለህበትም።»

ተቀመጠ። መዝጋቢዋ አነበበች። ሃያ ስድስት ዓመቱ በሁለት መስመር አለቀ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው፤ የነከሰው ብዕር ደግሞ የእኔ ነበር።

አንብባ ስትጨርስ ወደ እሱ ዞረች። «አብረሃቸው የምትውለው አንተ ነህ። ተናዛዡ አእምሯቸው ጤነኛ ነው?»

ከሽማግሌው ጎን የቆመውን ጎረምሳ ላብ አጠመቀው። ሽማግሌው አምና አንድ ቀን የቤታቸው መንገድ ጠፍቷቸው ነበር፤ ፈልጎ ያመጣቸው ድርብ ክር ነው። በዚያች ቀን ላይ ትንሽ ቢጨምርባት ምዝገባው ይቆማል፤ የቀድሞው ኑዛዜ ይጸናል። በልብህ አትያዘው፣ ተናገር እያልኩ በዓይኔ ለመንኩት።

ቀና ብሎ ሽማግሌውን አየ።

«ጤነኛ ናቸው» አለ። «የሚያደርጉትን ያውቃሉ።»

ፈርሞ ሲወጣ በር ላይ ደረስኩበት። «ምነው? አንዲት ቃል እኮ ነበረች!»

የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«እንደማልዋሽ ስለሚያውቁ ነው የጠሩኝ» አለ።