ሰይድ የቀረጸው ፒን

በዩኒቨርሲቲያችን ወርክሾፕ ትኩስ ብረት ላይ ዘይት ጠብ ሲል የሚወጣው ሽታ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ መካነ ሰላም ከአባቴ ቶርኖ ቤት በር ላይ መልሶ አቆመኝ።

አባቴ በናፍጣ ሞተር በሚዞረው የብረት መቅረጫ ማሽኑ ከደጎሎ እስከ ወረኢሉ ላሉ ወፍጮ ቤቶች የተሰበረ ዕቃ ይሠራ ነበር። ወገቡ እየከዳው ሲመጣ፣ የሚተካኝ ሰው ካላሠለጠንኩ ቤቱ መዘጋቱ ነው እያለ ይጨነቅ ጀመር፤ በዚያ የረሃብ ዓመት ከቆላ ከነልጆቹ የተሰደደውን ሰይድን የቀጠረውም ለዚህ ነው። እንደ ደንቡ ሁለት ሳምንት ሞረድ ብቻ አስያዘው። ሰይድ ጠዋት ጠዋት ማሽኑን «አሰላሙ አለይኩም» ሲለው፣ ክርስቲያኑ አባቴ ስለ ማሽኑ ሆኖ «ወአለይኩም ሰላም» ይመልስለት ነበር።

እናቴ ለቀትር የምትሰጠውን የገብስ ቂጣ ግን ሰይድ ዞር ብሎ ከኩታው ጫፍ ሲቋጥር አየሁት።

«እታለም፣ ለጋሼ እንዳትነግሪ፤ ልጆቼን ይዤ ለልመና የመጣሁ ይመስላቸዋል» አለኝ።

ቃል ሰጠሁት፤ ምስጢር መጠበቅ ትልቅ ሰው መሆን የሚመስለኝ ዕድሜ ላይ ነበርኩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን እንዲሠራ የተሰጠው የወፍጮውን መዘውር ከዘንጉ ጋር የሚያያይዝ ጣት የሚያህል ብረት፣ አንድ ፒን ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል።

«ምነው ሰይድ፣ ብረቱን ፈራኸው እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እሱ እኔን ፈርቶ ነው የሚንቀጠቀጠው!»

አባቴ አልሳቀም። ፒኑን አውጥቶ ጥግ ወረወረው፤ እጁ የማይረጋ ሰው እዚህ ጣቱን ያጣል ብሎም አሰናበተው። ሰይድ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየ፤ «አብሽሩ ጋሼ» ብሎ ወጣ። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ።

ቂጣውን ለልጆቹ እየቋጠረ ጦሙን እንደሚውል ለአባቴ የተናገርኩት በማግስቱ ነው። አባቴ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ከገበያው ማዶ ወዳለው የሰይድ ማደሪያ ሮጠ፤ ጎረቤቶቹ ግን ከነልጆቹ ጎህ ሲቀድ በእግሩ ወደ ደሴ መንገድ ወጥቷል አሉት። ከዚያ በኋላ አብዮቱ መጣ፤ ባለ ሥልጣኑ ሁሉ ተለዋወጠ፤ አባቴ ግን ያገኘውን የመኪና ሾፌር ሁሉ ስለ ሰይድ መጠየቁን አልተወም። ሌላ ሠራተኛ ሲቀጥር ፊቱ ቁጭ ብሎ እንዲበላ ያደርግ ነበር፤ የማሽኑን እጀታ ግን ለማንም ሳያስረክብ ወገቡ ጨርሶ ከዳው፤ ቤቱም ተዘጋ።

ፒኑ እኔ ጋ አለ። ትናንት በወርክሾፑ መለኪያ ለካሁት፤ ከልኩ የጎደለው የፀጉር ያህል ነው። መምህራችን አገላብጠው አዩትና፣ «ይሄማ ይሠራል፤ የማን ሥራ ነው?» አሉኝ።

«የሰይድ» አልኩ።

«ሰይድ ማን?»

የአባቱን ስም አላውቀውም።