ቃል የሌለውን ዜማ የሚጽፈው ሰው

ጥር ዐሥራ አምስት ቀን 1974 ዓ.ም. ነበር ትላለች ታቢታ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «ጥር ከሆነ ዝናቡ ከየት መጣ?» ብላ ራሷን ትሞግታለች። የአዳራሹን ቆርቆሮ የደበደበው ዝናብ እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም፤ ስለዚህ ሚያዝያ መሆን አለበት። ዓመቱም ሰባ አምስት ሊሆን ይችላል። የማትጠራጠረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው እንደ ልማዱ ከኋላ፣ ከበሩ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበር።

ያኔ አዋሳ ትባል በነበረችው ከተማ፣ መሃል ከተማ ባለው የካቶሊክ ሚሲዮን አዳራሽ፣ በየዐሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ዝግጅት ይደረግ ነበር። አባ ሙሉጌታ የቅዱሳንን ሥዕል በስላይድ ማሳያ ግድግዳው ላይ እያበሩ ስለ እምነትና ስለ ጥበብ ይናገራሉ፤ ከዚያ ኦርጋኑ፣ ክራሩ፣ መዝሙሩ ይከተላል። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤ የሚባለውም፣ ሙስሊሙም ይመጣል። በዚያ ዘመን ከስብሰባና ከመፈክር ሌላ የሚሰማ ነገር የት ተገኝቶ! ቀበሌው የፈቀደው ግን እንዲሁ አልነበረም። የሚዘመረው ሁሉ ግጥሙ በአማርኛ ተጽፎ ቀድሞ ይቀርብለታል፤ በዝግጅቱም ቀን ተወካዩ ጠመንጃውን ይዞ ከፊት ወንበር ይቀመጣል።

ታቢታ ወጣት አስተማሪ ነበረች። የምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን ታሽጓል፤ ወንጌላዊው አባቷ ኩማ ከተወሰደ ስምንት ወር አልፎታል። በሕይወት መኖሩን እንኳ የሚነግራት አላገኘችም። ስንቅ ይዛ የሄደችበት በር ሁሉ «እዚህ የለም» ብሎ መልሷታል። በእጇ የቀረው፣ ሊወስዱት በመጡበት ሳምንት የደረሰው አንድ የሲዳምኛ መዝሙር ነው። እሱን ልዘምር አለች።

«ግጥሙ የማን ነው ቢሉን ምን እንመልሳለን?» አሉ አባ ሙሉጌታ። ትንሽ አሰቡና፣ «ቃሉን ተይው፣ ልጄ። ዜማውን ብቻ አንጎራጉሪ። ቃል የሌለውን ምን ብለው ይመረምሩታል?»

እንዳሏት አደረገች። የመጨረሻዋን ሐረግ ግን አትነካትም፤ ከእሷና ከአባቷ በቀር የሰማት ሰው ስላልነበረ ለራሷ አስቀረቻት።

እሷ ስታንጎራጉር የቀበሌው ተወካይ ያንኮራፋል። የኋላው ሰውዬ ግን ይጽፋል።

«አንቺ፣ ይኼ ሰው ምንድን ነው የሚጽፈው?» አለቻት የሚሲዮኑ ጸሐፊ ጽጌሬዳ፣ ከኦርጋኑ ጀርባ ጎንበስ ብላ። «ስብከት የለ፣ ቃል የለ!»

«መልኬን ይሆናላ።»

«ያንቺ መልክማ በአንድ መስመር ያልቃል!»

ሳቁ። ሳቁ ግን ታቢታ ቤቷ እስክትደርስ እንኳ አልቆየላትም። የታወቀው ጆሮ ሲተኛ የነቃው የማን ጆሮ ነው?

ጽጌሬዳ አጠያየቀች። ወልደጻድቅ ይባላል፤ የጎጃም ሰው ነው፤ ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል። መጠጥ አይቀምስም፣ ረቡዕና ዓርብን አይገድፍም፣ ጓደኛ የለውም፣ ሲመሽ ብቻውን በሐይቁ ዳር ይመላለሳል። አምና አራት ወር ጠፍቶ ነበር። ሲመለስ «ታምሜ ነበር» ብሎ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ማንም ምንም አላለውም። በዚያ ጊዜ አራት ወር ጠፍቶ ተመልሶ ወንበሩን ያገኘ ማን ነበር? አከራዩ ብዙነሽ ደግሞ፣ «ጫማውን አድርጎ ነው የሚተኛው» ብላለች። ጫማውን ሳያወልቅ የሚተኛ ሰው ወይ ለሥራ ይጠሩታል፣ ወይ መጥተው ይወስዱኛል ብሎ ይሰጋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ብዙነሽም አታውቅም። ከዓመታት በኋላ ታቢታ መሥሪያ ቤቱ ሄዳ ስትጠይቅ የዚያ የመዝገብ ሠራተኛ የራሱ መዝገብ አልተገኘም።

በዚያ ዝናባማ ቅዳሜ፣ በዕረፍቱ ላይ፣ ሕዝቡ የተሰቀሉትን ሥዕሎች ሊያይ ሲነሣ ወልደጻድቅም ደብተሩን ወንበሩ ላይ ትቶ ተነሣ። ጽጌሬዳ በነጠላዋ ሸፍና ታቢታና አባ ሙሉጌታ ወዳሉበት፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ይዛው መጣች። ከገጽ እስከ ገጽ አንድ ዐረፍተ ነገር የለም። ነጥብ፣ ጭረት፣ ጎበጥ ያለ ነገር፤ መሃል መሃል ደግሞ ጥቃቅን ፊደል።

«አላልኳችሁም? የምስጢር ጽሕፈት ነው!»

አባ ሙሉጌታ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩትና ፈገግ አሉ። «ምን ምስጢር አለው! የዜማ ምልክት እኮ ነው። ይኼው ድፋት፣ ይኼው ቅናት… ሰውየው ድጓ ተምሯል። የራሱንም ምልክት ጨማምሮበታል።» ጣታቸውን እያስኬዱ በለሆሳስ ያንጎራጉሩት ጀመር። የታቢታ ዜማ ነው። ጽጌሬዳ አፍራ ደብተሩን ልትመልስ እጇን ዘረጋች። አባ ግን አልጨረሱም ነበር። ታቢታ ሁልጊዜ ከምታቆምበት አልፈው ያቺን ሐረግ አዜሟት።

ታቢታ መጋረጃውን ጨበጠች። «አባ፣ ይህን እኔ አላዜምኩትም።»

«ታዲያ ከየት አመጣው?»

«ከአባቴ አፍ። ያውም ከተወሰደ በኋላ።»



«አብሮት ታስሮ ነበር ማለት ነው» አሉ አባ ሙሉጌታ።

«ወይም በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር» አለች ጽጌሬዳ። «ዘበኛም ይሰማል እኮ፣ አባ። ዜማውን ይዞ ቤተሰቡን እያደነ ቢሆንስ?»

ደብተሩ ባለቤቱ ሳይመለስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ታቢታ ወጥታ አንጎራጎረች። ዝናቡ ድምፅዋን እየዋጠው እስከ ልማዷ ደርሳ አቆመች። ወልደጻድቅ ቀና ብሎ፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ፣ ይጠብቅ ነበር።

ዝግጅቱ ሲያበቃ ሰው ዝናቡን ፈርቶ በረንዳው ላይ ታጨቀ። ወልደጻድቅ አጠገቧ መጣ። ሲቀርቡት ከሩቅ ከሚመስለው በላይ ያረጀ ነው።

«ልጄ፣ አትጨርሽውም?»

ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ የቀበሌው ተወካይ የጠመንጃውን አፈሙዝ በመሐረብ ይጠርጋል። እጨርሰዋለሁ ማለት የኩማ ልጅ ነኝ ማለት ነው። ለማን?

«መጨረሻ የለውም፣ ጋሼ።»

«የለውም?» ዐይኑን ከእሷ ወደ ጠመንጃው፣ ከጠመንጃው ወደ እሷ አመላለሰ። «እኔስ ያለው መስሎኝ ነበር። ዝውውር ደርሶኝ ዛሬውኑ መሄዴ ነው፤ ሻንጣዬም ጋሪው ላይ ነው። ሳልጠይቅሽ እንዳልሄድ ብዬ ነው።»

ኮቱን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ ዝናቡ ውስጥ ገባ።

ጽጌሬዳ በክርኗ ጎሰመቻት። እስከዚያች ደቂቃ ስትጠረጥረው የነበረችው ራሷ ጽጌሬዳ፣ «ሂጂ እንጂ፣ ምን ያቆምሻል!» አለቻት።

ታቢታ ግን ቆመች። ሰላይ ከሆነ በገዛ አፏ ራሷን ልታስይዝ ነው፤ ካልሆነ ደግሞ የአባቷን ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ጋሪ ላይ እየወጣ ነው። ባለጋሪው ፈረሱን ሲነካው ነው እግሯ የታዘዘላት። ሮጠች። ጭቃው ጫማዋን አስቀረባት።

«ጋሼ! ጋሼ ወልደጻድቅ!»

የፈረሱ ቃጭልና ዝናቡ ድምፅዋን ዋጡት። «አባቴን የት—» ብላ ስትጀምር ጋሪው በሚሲዮኑ አጥር ታጥፎ ከዐይኗ ተሰወረ።